የአባ ጎሽ ሰባት እሾህ

ተረት ልንገራችሁ። እናንተ በረቱን ክፈቱልኝ፣ አውሬዎቹን እኔ አስገባለሁ።

በአንድ ደን ውስጥ ላይኞችና ታችኞች የሚባሉ አውሬዎች ይኖሩ ነበር። በመካከላቸው በጋም ቢሆን የማይነጥፍ አንድ ምንጭ አለ፤ ሁለቱንም ወገን ግን አያጠጣም። ስለዚህ በየዓመቱ በቀንድና በጥርስ ይዋጉበት ነበር። ያሸነፈው ምንጩ ዳር ይከርማል። የተሸነፈው ሦስት ቀን ተጉዞ አዞ ወደሞላበት ወንዝ ይወርዳል።

አንድ ዓመት መንገድ ሊሠሩ የመጡ መሐንዲሶች ደኑ ዳር ድንኳን ተከሉ። ከሥራ ሲመለሱ አራት አራት ሆነው ብሪጅ የሚሉትን የካርታ ጨዋታ ይጫወታሉ። ከድንኳኑ በላይ ካለው ዛፍ ላይ ደግሞ አንድ ጉሬዛ ቁጭ ብሎ ወራቱን ሙሉ ሲያያቸው ከረመ። መሐንዲሶቹ ሲሄዱ ካርታቸውን ረስተው ሄዱ፤ ጉሬዛውም ካርታውን ታቅፎ ወረደና "ከምትዋጉ ተጫወቱ" አላቸው። ደም ሰልችቷቸው ነበርና ተስማሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኔታ ጉሬዛ ተባለ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ፊት ለፊት የሚቀመጡት ጓደኛሞች ናቸው። እያንዳንዱ አሥራ ሦስት ካርታ ይደርሰዋል፤ ዙሩም አሥራ ሦስት ነው። በየዙሩ አራቱም አንድ አንድ ካርታ ይጥላሉ፤ ትልቁን የጣለ ዙሩን በላ ይባላል። ካርታው አራት ወገን አለው፤ አውሬዎቹ እሾህ፣ ልብ፣ አበባና ጠጠር የሚል ስም አወጡላቸው። ከጨዋታው በፊት ጨረታ አለ። አንዱ "እሾህን አንግሼ ይህን ያህል ዙር እበላለሁ" ብሎ ቃል ይገባል፤ የነገሠው ወገን ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣል። ጓደኛውም ሆነ ባላጋራው ይጨምርበታል ወይም "ይለፈኝ" ይላል። አንዱ ተናግሮ ሦስቱ ካለፉት ቃሉ ይጸናል። ምንጩን የሚያስገኘው አሥር ዙርና ከዚያ በላይ ቃል ገብቶ መብላት ነው። ቃል ያልተገባበት ዙር ቢበላም አይቆጠርም። ማንም ካልቀናው ምንጩ አምና በያዘው እጅ ይቆያል። ካርታው የሚታደለው ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አምና የላይኞቹ ተጫዋች አያ ከርከሮ ልብ በልብ የሆነ እጅ ደረሰው። ካርታውን አይቶ ሳይጨርስ "አሥር ልብ!" ብሎ ጮኸ። ልክ አሥር በላ፤ ምንጩንም ወሰደ። ታችኞቹ ወንዝ ወርደው አራት ነፍስ ለአዞ ገበሩ። ሲመለሱ ግን የሚያወሩት ስለ አዞው እንዳይመስላችሁ። የሚያወሩት ስለ ከርከሮ ነበር።

"አፉን ሞልቶ አሥር አለ እኮ! ትንሽ እንኳን አያፍርም?"

"ምን ታደርገዋለህ፣ አሳዳጊ የበደለው ነው።"

ታችኞቹ ጨዋዎች ነበሩ፤ ይህንንም ከማንም በፊት ራሳቸው ያውቁት ነበር። እነሱ ዘንድ እንግዳ ሣር ሲቀርብለት "በቃኝ፣ አሁን በልቼ መጣሁ" ይላል። ባለቤቱ ይለምነዋል፣ ይምልበታል። እንግዳው ይግደረደራል። በሦስተኛው ልመና ጎንበስ ይልና ሥሩ ሳይቀር ይግጠዋል። ሳይለመን የበላ ስሙ ለሰባት ትውልድ ይነሣል።

በዚህ ዓመት ታችኞቹ ሁለት ተጫዋቾች መረጡ። አንዱ አባ ጎሽ ነው፤ ቀንዱ የከበደ፣ ንግግሩ የረጋ ሽማግሌ። ጓደኛው እመት ድኩላ ሆነች። እሷ የተመረጠችው ካርታ ስለምታውቅ ነው፤ የተጫወተችው ግን ስለጨነቃት ነው። ወሯ ገብቶ ነበር። ሦስት ቀን መጓዝ አትችልም፤ ብትችልም አዞ ፊት መውለድ አለባት። ምንጩን ካላገኙ እሷም ሆዷ ውስጥ ያለውም እንደማይተርፉ ደኑ ሁሉ ያውቅ ነበር።

የኔታ ጉሬዛ ታችኞቹን ሰብስቦ መከራቸው። "አንድ ወገን ብቻ የሞላበት ብርቱ እጅ የደረሰው አይግደርደር። ጓደኛው እጁን አያይለትም፤ የሚያውቀው ከአፉ የወጣውን ብቻ ነው። አሥር ማለት ካሳፈራችሁ ምልክት ልስጣችሁ። 'ስምንት አበባ' በሉ። አበባ አለኝ ማለት አይደለም፤ እጄ ሞልቶ ፈስሷል፣ አሥር ሳንደርስ ዝም እንዳትይ ማለት ነው።"

ታችኞቹ በዚህ ምልክት ላይ አሥራ አንድ ቀን ተሰበሰቡ። አንዱ "ሞልቶ ፈስሷል የሚለው ቃል ይከብዳል፣ ደህና ነው ይባል" አለ። ሌላው "ምልክቱን ለመጠቀም ስንት ዓመት የኖረ ይፈቀድለታል?" ብሎ ጠየቀ። አንዲት ሚዳቋ የክረምቱ ውሃ እያለቀ ነው ብላ ብትነሣ ሥርዓት ይከበር ተብላ ተቀመጠች። በመጨረሻ ምልክቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አባ ጎሽ ራሱ ነበር ሰብሳቢው።

ቀኑ ደረሰ። ምንጩ ዳር ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ዙሪያ አራቱ ተቀመጡ፤ አባ ጎሽ ከእመት ድኩላ ፊት ለፊት፣ አያ ከርከሮ ከእመት ጃርት ፊት ለፊት። ታችኞቹ በአንድ በኩል፣ ላይኞቹ በሌላ በኩል ቆሙ። የኔታ ጉሬዛ ካርታውን አደለ።

አባ ጎሽ እጁን ገለጠ። እሾህ። እሾህ። አሁንም እሾህ። ዘጠኝ እሾህ፣ ከነትልልቆቹ! የልብ ንጉሥና ንግሥትም አሉበት። በዕድሜው እንዲህ ያለ እጅ አይቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ተናጋሪም እሱ ነበር።

'ስምንት አበባ' ሊል አፉን ከፈተ። ቀና ሲል ግን አማቱን አያቸው። አሮጊቷ ጎሽ ከፊት ረድፍ ቆመው ትክ ብለው ያዩታል። የጎረቤት ሽማግሌዎችም አሉ። አባ ጎሽ አፉን መልሶ ገጠመ። 'እጄ ሞልቷል ብዬ በገዛ አፌ? በአማቴ ፊት? ከከርከሮ በምን ተለየሁ ታዲያ? ግድ የለም፣ ትንሽ ልበል። ድኩላ ልጅ አይደለችም፣ ስምንት ብላ ትለምነኛለች። እያመነታሁ ዘጠኝ እላለሁ። ደግማ ስትለምነኝ አሥር ትላለች። እንዲህ አሥር ብንደርስ ተገድጄ ነው፤ ማን ይወቅሰኛል?'

ጉሮሮውን ጠረገና "ሰባት እሾህ" አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማው።

አያ ከርከሮ በዚህ ዓመት ከአንድ ትልቅ ጠጠር በቀር እጁ ባዶ ነበር፤ "ምንም የለኝም፣ ይለፈኝ" አለ።

ተራው የእመት ድኩላ ሆነ። እጇ ላይ የልብ ትልቁና የአበባ ትልቁ ነበሩ። ይህን የያዘ ዝም እንደማይል የኔታ አስተምሯታል። ሆዷ ውስጥም ልጇ ተገላበጠ። ስምንት ልትል ከንፈሯን ካላቀቀች በኋላ የአባ ጎሽን ሽበት አየች። 'ትልቅ ሰው ሰባት ብሎ ከፈረደ በኋላ እኔ ስምንት ልል ነው? አልበቁም፣ እኔ እበልጣለሁ ማለት አይሆንም? ደግሞ ብርቱ እጅ ቢኖራቸው ምልክቱን ይሉ ነበር፤ ያጸደቁት እሳቸው አይደሉ?' አንገቷን ሰብራ "ይለፈኝ" አለች።

አባ ጎሽ ዓይኑን አፈጠጠባት፤ መሬት መሬቱን ስታይ አላየችውም።

የቀረችው እመት ጃርት ናት። ጃርት ደህና ካርታ ነበራት፣ ልትጨምርም ትችል ነበር። ግን የጎሹ ጭራ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ የታችኞቹንም ጨዋነት ጠንቅቃ ታውቀዋለች። እሷ አንድ ቃል ብትተነፍስ ተራው ተመልሶ ጎሹ ጋ ይደርሳል። ፈገግ ብላ "ይለፈኝ" አለች።

ሦስቱ አለፉ፤ ቃሉም ጸና። ሰባት እሾህ።

በጨዋታው ሕግ ቃል የገባው ሰው ጓደኛ ካርታውን ድንጋዩ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። እመት ድኩላ ዘረጋች። አባ ጎሽ ሁለቱን ትልልቅ ካርታዎች ሲያይ አናቱን የተመታ መሰለ።

"ይህ ሁሉ እያለሽ ነው ዝም ያልሽው?"

"እርስዎ ሰባት ካሉ እኔ ምን አፍ አለኝ፣ አባ?"

"ሰባት ያልኩት እንድትለምኚኝ ነው እንጂ!"

"ምነው ታዲያ ምልክቱን ያላሉት?"

"እንዴት ብዬ ልበል? አማቴ ቆመዋል እኮ!"

የኔታ ጉሬዛ "በጨዋታ ላይ ወሬ የለም" ብሎ ዝም አሰኛቸው።

ጨዋታው ተጀመረ። ከርከሮ በጠጠር የመጀመሪያውን ዙር በላ። ከዚያ በኋላ አባ ጎሽ እሾሁን መዘዘና ያለ ከልካይ ይበላ ጀመር። ታችኞቹ በየዙሩ ይጨፍራሉ። ስምንት ሲደርስ እልል አሉ። አሥር ሲደርስ አቀፉት። አሥራ ሁለት ዙር በላ፤ ደኑም ተናወጠ። እመት ድኩላ ብቻ አልጨፈረችም፤ ዓይኗን ከምንጩ አልነቀለችም።

"ሰባት ቃል ተገባ፣ ሰባት ተቆጠረ" አለ የኔታ ጉሬዛ። "ምንጩ አምና በያዘው እጅ ይቆያል።"

ጭፈራው ቀጥ አለ። ታችኞቹ ግን አባ ጎሽን የተቆጡት እንዳይመስላችሁ። ከበቡትና ያመሰግኑት ጀመር።

"አሥራ ሁለት ይዞ ሰባት! እንዴት ያለ ትሑት ነው!"

አማቱም እንባቸውን እየጠረጉ "ልጄን የሰጠሁት ለሰው ነው" አሉ። እዚያው ቆመው ስሙን የሚያስጠራ ኮሚቴ መረጡ። ኮሚቴው ከወንዝ ሲመለሱ ሥራ እንዲጀምር ተወሰነ፤ የሚመለስ ካለ።

አያ ከርከሮ ይህን ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲያይ ቆየ። ክፉ አልነበረም፣ ባለጌ ብቻ ነበር።

"አንተ ጎሽ፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ጠጡ" አለ።

የአባ ጎሽ ምላስ ደርቆ ከላንቃው ተጣብቋል። "አይ፣ ይቅርብን። አሁን ጠጥተን ነው የመጣን" አለ፤ ሁለተኛውን ልመና እየጠበቀ።

"እሺ" አለ ከርከሮና ዞሮ ሊሄድ ተነሣ።

ከአባ ጎሽ ኋላ እመት ድኩላ ታችኞቹን ገፋ ገፋ አድርጋ ወጣች።

"እኔ አልጠጣሁም" አለች። "ጠምቶኛል። መንገድም አልችልም፤ እስክወልድ እዚህ መቆየት እፈልጋለሁ።"

ከታችኞቹ መካከል "ውይ! ውይ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። አማቲቱ ፊታቸውን አዞሩ።

ከርከሮ ጥርሱን ፋቀና አሰበ። "እንዲህ ቁርጡን ከነገርሽኝ ምን ቸገረኝ። ቆዪ፣ ጠጪ። ሌላስ የጠማው አለ?"

ሁሉም ጠምቶት ነበር። ሁሉም ጎረቤቱን አየ። አንዱም አልተናገረም። ከርከሮ ትከሻውን ሰበቀና ሄደ።

እመት ድኩላ ተንበርክካ ጠጣች። አባ ጎሽ ጠጋ ብሎ "ምነው ልጄ፣ እንዲህ ታዋርጂን? አገር ምን ይለናል?" ሲል በሹክሹክታ ወቀሳት።

ከአፍንጫዋ ውሃ እየተንጠባጠበ ቀና አለች። ከኋላው በሰልፍ የቆሙትን፣ ምላሳቸው የተንጠለጠለውን ሁሉ አየቻቸው።

"አገሩ ይኸው ቆሟል፣ አባ" አለችው። "ምንም አይልም። ጠምቶታል።"