«ሽቦ ሽቦ ነው» ያሉት አጎታችን ከበሩ ሥር ስለ መተኛታቸው

ራውተሩ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ በሦስተኛው፣ ገመዱ ከበሩ ሥር መጨፍለቅ በጀመረ በሁለተኛው ዓመተ መንግሥቱ ለአጎታችን፣ ሥዩመ ናስትሮ፣ ጸላኤ መዳብ፣ ዘኢይትመዋእ በክርክር፣ ይህ ሆነ።

ዋይፋዩ ከጓሮ ወዳለው የእህቴ ክፍል ደርሶ ስለማያውቅ፣ ግድግዳ መብሳትም በአጎታችን ዘንድ ክልክል ስለነበረ፣ ኔትወርኩ በሳሎኑ በር ሥር በገመድ ይሄድላት ነበር፤ ይኸውም ገመድ ከአሮጌ ዕቃ መካከል የተነሣ፣ ውስጡ መዳብ ሳይሆን መዳብ የተቀባ ነገር፣ ወገቡ ላይ ተበጥሶ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ ነበር። በሩ ሲከፈት ኔትወርኩ ይሞታል፤ ሲዘጋ ነፍስ ይዘራል። የጥገናው ሰው ገመዱ ይቀየር ብሎ ቢለምን «ሽቦ ሽቦ ነው» የሚል አዋጅ ወጣበት፤ ተመልሶም አልመጣ።

ወእምዝ፣ ከተመረቀች ወዲህ ደጅ ስትጠና የከረመችው እህቴ ለአስተርጓሚነት ሥራ በቪዲዮ እንድትፈተን ተጠራች፤ መስመሩ ከተቋረጠ ሌላ ዕድል እንደሌላትም ተነገራት። አጎታችንም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ልጄ ተፈትና እስክትጨርስ በበሩ የወጣ የገባ እኔን አያውቀኝ። መስኮቱ ለምን ተሠራ?»

ሠራዊቱም በመስኮት ዘመተ፦ እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ተከራያችን ልብስ ሰፊው ሜትሩን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ፣ ከዚያም ጎረቤቶች ያለ ጉዳያቸው፤ በመጨረሻ ድመቷ፣ እሷስ ድሮም መንገዷ በዚያው ነበር።

ነገር ግን ታላቋ አክስታችን አዋጁን ሳይሰሙ መጡ። ቢሰሙስ? እንኳን በመስኮት በበሩም የሚገቡት በጎን ነው። በትከሻቸው ገፉት፤ በሩም ገመዱን ጎትቶ ናስትሮውን ገሸለጠው፤ የፈታኞቹም ፊት በስክሪኑ ላይ አፉን እንደከፈተ ደረቀ።

ያን ጊዜ አጎታችን ወለሉ ላይ ተዘረሩ፤ በግራ እግራቸው በሩን ከነአክስታችን ደግፈው፣ በጣታቸው የተለያዩትን ጫፎች አስታረቁ፤ ፊቶቹም መናገር ጀመሩ። ማስነጠስ እንኳ ራሳቸውን ከለከሉ፤ ጣታቸው በላላ ቁጥር የፈታኞቹ ድምፅ ከጓሮ ሲቆራረጥ ይሰማሉና። አክስታችን ግማሽ አካላቸው ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ስለ ወንድማቸው ጭንቅላት የተናገሩትን ይህ ታሪክ አይጽፍም።

እህቴም ፈተናውን አለፈች። በማግስቱ አጎታችን ማንንም ሳያማክሩ እውነተኛ መዳብ ያለው ገመድ ይዘው መጡ፤ ግድግዳውም ተበሳ፤ ከዚያ ወዲህ በሩ ቢከፈት ቢዘጋ የማንም ፊት አልደረቀም። የመጨረሻውም አዋጅ እንዲህ ሲል ወጣ፦ «ሽቦ ሽቦ ነው። አሮጌው ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ የበሩ ነው።» ቃላቸውንም ሊያስከብሩ አሮጌውን ገመድ ግቢው ውስጥ ወጥረው የልብስ ማስጫ አደረጉት፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ተሸክሞ እስከ ዛሬ አልተበጠሰም።

ክብር ይገባቸዋል ለአጎታችን፣ ሽቦ ሲከዳ በጣታቸው ሽቦ ለሆኑ፣ በክርክር ለማንም ሳይረቱ ለእህቴ ሲሉ ወለል ላይ ለተኙ። በሩም ይቅር ይበላቸው።