ሩዝ ያልገባበት ሆድ

(ጠዋት ነው። በጃቫ ገጠር፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ጎረቤታሞች የደም ስኳር ለመመርመር ተራ ይጠብቃሉ። የአንደኛው፣ የዋጊሚን፣ የእግር ጣት ቆስሎ አልድን ካለ ከርሟል። ሚስቱ ሱሚያቲ «ስኳርህ ከፍ ካለ ሩዝ ከዚህ ቤት ይወጣል» ብላ ምላለች። እሱ የፈራው ለሩዙ ነው፤ ጣቱንማ ረስቶታል። እውቀት ግን ሞልቶ ፈሶለታል። አሁንም በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ኑድል ጎረቤቱን ቱኪራንን በግድ እያስታቀፈው ነው።)

ዋጊሚን፦ ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።

ቱኪራን፦ ነርሷ ምንም ሳትበሉ ኑ ብላለች።

ዋጊሚን፦ እና? ሩዝ ብላ አልኩህ?

ቱኪራን፦ ኑድል ነው ያልከኝ።

ዋጊሚን፦ ኑድል ደግሞ መብላት ይባላል? አባትህ ኑድል ውጦ «ዛሬ በላሁ» ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?

ቱኪራን፦ ኧረ አልሰማሁም። ሩዝ ካልቀመሰ እህል በአፌ አልዞረም ነው የሚለው።

ዋጊሚን፦ እሰይ፣ ከቤተሰባችሁ አንድ አዋቂ ነበር ማለት ነው።

ቱኪራን፦ አንተስ ምን ቀመስክ?

ዋጊሚን፦ ምንም። ኑድል፣ ትንሽ የተቀቀለ ካሳቫ፣ ሁለት የተጠበሰ ሙዝ። ሻዬን ያለ ስኳር ነው የጠጣሁት። ስኳር ልመረመር መጥቼ ስኳር ልጠጣ? አንተን መሰልኩህ?

ቱኪራን፦ ታዲያ ያ ሁሉ አሁን ሆድህ ውስጥ ምን ይሠራል?

ዋጊሚን፦ በዕድሜህ አንድ ደህና ጥያቄ ጠየቅክ። ስማ። ሰውነት ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ አሉ። ሥራቸው ምግብ መቆራረጥ ነው። አንዱ ገና ከአፍህ፣ ከምራቅህ ጀምሮ ስታርቹን ይቀበላል።

ቱኪራን፦ በምን ይቆርጠዋል? ቢላ አለው?

ዋጊሚን፦ አዎ፣ ሞረድም ጭምር። ዝም ብለህ ስማኝ። ጨጓራ ስትደርስ ሌላው ሥጋና ዕንቁላሉን ይይዛል። ቀጥሎ ቆሽት የራሱን ጭማቂ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል። እዚያ የቀረውን ስታርች በለው፣ ቅባት በለው፣ እንክትክቱን ያወጡታል።

ቱኪራን፦ ስታርቹ ተቆራርጦ ምን ይሆናል?

ዋጊሚን፦ ስኳር ነዋ።

ቱኪራን፦ ስኳሩስ?

ዋጊሚን፦ ደም ውስጥ ይገባል። ይቺን እንኳ አታውቅም?

ቱኪራን፦ ካሳቫ ስታርች አለው?

ዋጊሚን፦ ከላይ እስከ ታች ስታርች ነው።

ቱኪራን፦ ኑድልስ?

ዋጊሚን፦ እሱም ያው ነው።

ቱኪራን፦ (ያስባል። ሲያስብ ከሩቅ ያስታውቃል።) እንግዲያው አንተ ጠዋት የበላኸው...

ዋጊሚን፦ አልበላሁም አልኩህ እኮ። ኢንዛይሞቼ የጃቫ ልጆች ናቸው፤ ሩዝ ካላዩ ቁርስ ቀረበ ብለው ከአልጋ አይነሱም።

ቱኪራን፦ ሆድ ውስጥ ጨለማ አይደል? በምን ያዩታል?

ዋጊሚን፦ ካንተ ጋር ማውራት ውሃ መውቀጥ ነው። አምጣ ያን ኑድል፣ ሳይበላሽ።

(የጎረቤቱን ድርሻ ጥርግ አድርጎ ይበላል። ነርስ ላስትሪ ወጥታ የሁለቱንም የእጅ ጣት በመርፌ ወጋ ታደርግና በእጇ የያዘችውን ትንሽ መሣሪያ ታያለች። ትልቅ ሰው ስትጠራ «ፓክ» ትላለች፤ «አቶ» እንደማለት ነው።)

ላስትሪ፦ ፓክ ቱኪራን፣ እርስዎ ደህና ነዎት። ሄደው ይብሉ። ፓክ ዋጊሚን፣ የእርስዎ ግን በጣም ከፍ ብሏል። ምግብ ቀምሰዋል እንዴ?

ዋጊሚን፦ ኧረ ምንም። መሣሪያሽን አስጠግኚው። ሩዝ በአፌ አልዞረም።

ላስትሪ፦ እኔ ሩዝ አላልኩም፤ ምግብ ነው ያልኩት። ጺምዎ ላይ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?

ቱኪራን፦ ኑድል ነው። ግን አልበላም።

ላስትሪ፦ ነገ በእውነት ባዶ ሆድዎን ይመለሱ። እንዲህ እየቀለዱ ከቆዩ ይሄ የቆሰለ የእግር ጣት አብሮዎት አይከርምም።

(ትገባለች። ዋጊሚን ጎንበስ ብሎ ጣቱን ያያል። ፈራ። አሁን የፈራው ለሩዙ አይደለም።)

ዋጊሚን፦ ቱኪራን... ያን ሁሉ አስረድቼህ አንተ ለምንድነው ያልበላኸው?

ቱኪራን፦ ስላልገባኝ ነዋ። ስላልገባኝ ነርሷ ያለችኝን አደረግኩ።

ዋጊሚን፦ ለሱሚያቲ ግን ሳይበላ ተመርምሮ ስኳሩ ደህና ሆነ በልልኝ፣ ወንድሜ።

ቱኪራን፦ እሱማ እንዳስተማርከኝ እነግራታለሁ። «ባልሽ ምንም አልበላም፤ ኑድል፣ ካሳቫ፣ ሙዝ፣ በላዩም የኔን ኑድል ብቻ» እላታለሁ።

ዋጊሚን፦ ሩዙን ታስወጣብኛለቻ።

ቱኪራን፦ ታስወጣው፣ ምን ቸገረህ። ሩዝ ከቤት ከወጣ አንተ ዕድሜ ልክህን ባዶ ሆድ ነህ፤ ነርሷ በጠራችህ ሰዓት ለምርመራ ዝግጁ።