መጋቤ በሬ

በሬ አውቃለሁ የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር በባሕር ዳር አይገኝም። ከተገኘም የሰፈሩ ሰው ፋሲካን በሽሮ የሚፈታ ነው። ይህን ሰው ማንም አልሾመውም፤ የበሬ ትምህርት ቤትም አልገባም። ግን ፋሲካ ሲቃረብ፣ ስምንት ቤት ሆነን አንድ በሬ ገዝተን ቅርጫ እንግባ ሲባል፣ የሁሉም ዓይን ወደ እሱ ይዞራል። እሱም ሲጠብቅ እንደከረመ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል።

የእኛ የሽምብጥ ሰፈሩ አቶ ቢያዝን ናቸው። የዘጌ የቤተ ክህነት ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ አጎታቸው መሪጌታ፣ ታላቅ ወንድማቸው መጋቤ ሐዲስ። እሳቸው ግን ልባቸው ከድጓው ይልቅ ወደ ከብቱ አደላና ያለ ማዕረግ ቀሩ። እኛም ቅር እንዳይላቸው መጋቤ በሬ አልናቸው። በፊታቸው እንጠራቸዋለን፤ አይቆጡም፤ እንዲያውም በዚያ ስም ሲጠሩ ቀና ይላሉ።

ዘጌ ደግሞ ኑሮው ቡና ነው፤ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው። "በሬ በማይጠመድበት አገር ተወልደው በሬ ማወቅን ከየት አመጡት?" ብሎ የሚነካካቸው አይጠፋም። መልሳቸው ዝግጁ ነው። "እናንተ በሬ አጠገብ ስላደጋችሁ ማየት ትታችኋል። እኔ እስካሁን ይገርመኛል።"

የመጀመሪያው ሕጋቸው በሬ ከገበያ አይገዛም የሚል ነው። "ገበያ የወጣ በሬ ፊቱን አስተካክሎ ነው የሚመጣው። ቤቱ ሄደህ እየው" ይላሉ። ስለዚህ አንበሳሜ ድረስ ይሄዱና ያን ሁሉ የከብት ገበያ በግራ በኩል ትተው፣ ወደ ዋንዛዬ በሚወስደው መንገድ ከገበሬ ደጅ ወደ ገበሬ ደጅ ይዞራሉ።

ዘንድሮ አብሯቸው የሄደው ሕዝቅኤል ነው። ሕዝቅኤል ለሥራ ከሐዋሳ የመጣ የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ቅርጫችን ውስጥ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ። የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው ደጅ ላይ ያለው በሬ ሕዝቅኤልን ደስ አሰኘው። መጋቤ በሬ ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ ሻኛውን ዳሰሱ፣ ጥርሱን አዩ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆመው ዓይን ዓይኑን አዩት።

"ከዚህ ጋር አልተግባባንም" አሉ በመጨረሻ።

ከሁለተኛውም ጋር አልተግባቡም። ሦስተኛው ዘንድ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ነበርና ሕዝቅኤል ትዕግሥቱ አለቀ።

"ጋሼ ቢያዝን፣ ልንበላው ነው እኮ፤ ልንድረው ነው እንዴ?"

"አንተ ሚስት ስትመርጥም እንዲህ ልትቸኩል ነው?"

"ገና አልመረጥኩም።"

"እሱስ ደግ አደረግህ" አሉት።

አራተኛው ደጅ ላይ ገበሬው ዋጋ ሊናገር ሲል እጃቸውን አንሥተው ወደ ባለቤቱ ዞሩ። "ዋጋውን እሱ ይነግረኛል፤ ዐመሉን አንቺ ንገሪኝ" አሏት። ሴትዮዋ በሬው ወይኖ እንደሚባል፣ ዝናብ ሲመጣ ጎኑን አዙሮ እንደሚቆም፣ ጨው ከእጅ መላስ እንደሚወድ ነገረቻቸው። መጋቤ በሬ ከኮታቸው ኪስ ጨው አወጡ። ወይኖም ላሰ። ተግባቡ።

ሲመለሱ በሬው አይሱዙ ላይ ተጫነ። ሕዝቅኤል ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ መጋቤ በሬ ግን ከኋላ ከበሬው ጋር ቆመው፣ ጃንጥላ ዘርግተው መጡ። መኪናው ሰፈር ሲደርስ ሁላችንም ወጥተን አየን። የሳቸው ራስ ፀሐይ ላይ ነበር። ጃንጥላው የወይኖ ነበር።

ከዚያ ሦስቱን ቀን በሬው በደጄ ፊት ባለው ሜዳ ታሰረ፤ እሳቸውም አብረውት የታሰሩ መሰሉ። ሣሩን መርጠው ያቀርባሉ፤ ውሃው በፀሐይ ሞቋል ብለው ይደፉታል። ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች "እሱ እንግዳ ነው፤ ቀስ በሉ" ይሏቸዋል።

በማከፋፈሉ ላይ ደግሞ መከራችንን ያሳዩናል። ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ ስምንት መደብ ሲሆን፣ ከሻኛውም ከጎድኑም ከጨጓራውም ለየመደቡ ሲደርስ፣ ሌላው ሰው በቃ ይላል። እሳቸው ጎንበስ ብለው አውራ ጣት የምታህል ጉበት ከሦስተኛው አንሥተው ሰባተኛው ላይ ያኖራሉ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ያያሉ። ይመለሱና ጉበቷን ወደ ሦስተኛው ይመልሷታል። ቤት ውስጥ ድስት ተጥዶ ይጠብቃል።

እኔ በኚህ ሰው ላይ እንዲህ የምቀልደው ውለታቸውን ረስቼ አይደለም። ባለቤቴ ያረፈ ዓመት፣ እሷ ብቻዋን ናት፣ ሰባት ቤት ብንሆን ይሻላል ያለ ሰው ነበር። አቶ ቢያዝን "የእትዬ እናትዓለም መደብ አይነካም" አሉ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ከልጅ ልጄ ከፀደንያ ፊደል መቁጠሬን ሰሙና የዕጣውን ወረቀት አምጥተው ሰጡኝ። "ጸሐፊያችን እርስዎ ነዎት" አሉኝ። ስምንት ስም ለመጻፍ የፈጀብኝን ጊዜ አልናገረውም። ሰው ሁሉ ሥጋውን ከብቦ ቆሞ ነበር። አንዱ "ኧረ ይፍጠኑ" ሲል፣ "አታዋክቧቸው፤ በሬው ከእንግዲህ የት ይሄዳል?" አሉት።

ከዚያ ወዲህ ደጄ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ አንድ ነገር አስተዋልሁ። በሬው ሲታረድ መጋቤ በሬ የሉም። አንድ ዓመት ቢላዋ ላስል ብለው ሄዱ። አንድ ዓመት ኮባ ቅጠል አነሰ አሉ። አንድ ዓመት ደግሞ ጃንጥላዬን ቤተ ክርስቲያን ረሳሁ አሉ፤ ጃንጥላው በክንዳቸው ላይ ነበር። ካቻምና ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ደንገሉ አጠገብ ተቀምጠው አየኋቸው። ጋቢያቸውን በሁለቱ ጆሯቸው ላይ ጠምጥመው ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረዋል። ሳያዩኝ ተመለስሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም።

ዘንድሮ ግን ሲያርድልን የኖረው ይትባረክ ክንዱን ታመመ። የፋሲካ ዕለት ማለዳ ወንዶቹ ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። አቶ ቢያዝን ገና "ቢላዋው ትንሽ ..." ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ሕዝቅኤል የተሳለ ቢላዋ ዘረጋላቸው።

"ጋሼ፣ በሬውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ዘንድሮ እርስዎ ይባርኩልን።"

"እውነቱን ነው" አሉ ሌሎቹ። "መጋቤ በሬ እያሉ ማን ሊነካው?"

ሕዝቅኤል በክፋት አላደረገውም፤ ማክበሩ ነበር። የእሳቸው ፊት ግን ዐመድ መሰለ። ወይኖ ደግሞ እጃቸውን አይቶ ጨው መስሎት አንገቱን ዘረጋ። እምቢ ቢሉ ያ ሁሉ ዓመት የገነቡት ስም በዚያች ማለዳ የሰፈር መሳቂያ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

ስምንቱን ስም ጽፌ ጨርሼ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አኑሬው ነበር። ደግሞ አምሮልኝ ነበር።

"አቶ ቢያዝን" ብዬ ተጣራሁ፤ "ይምጡና ይርዱኝ። ፊደሉ ሁሉ ተምታታብኝ።"

"እትዬ፣ ረሱት እንዴ?" አለ አንዱ እየሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ።

"ረሳሁት። ያለ እሳቸው አይሆንልኝም። አራጅ ሌላ ፈልጉ።"

ቢላዋውን ለሕዝቅኤል መልሰው መጡ። ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አዩትና ቀና ብለው አዩኝ። እሳቸውም ስሞቹን ጮክ ብለው፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው እያንዳንዱን አርዝመው ያነቡ ጀመር። ጨርሰው እንደገና ጀመሩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ንባቡን ትተው እርሳሴን ጠየቁኝ፤ ከታች አንድ ነገር ጻፉና አጥፈው መለሱልኝ።

"አለቀ" የሚል ጥሪ ከሜዳው ሲመጣ ተነሡ። ብዙም ሳይቆይ "ይህን ጎድን እዚህ ማን ነው የጫነው?" ሲሉ ሰማኋቸው፤ ልቤ አረፈ።

ለዕጣው ሕዝቅኤል ወረቀቱን ይዞ ጀርባውን አዞረ። አንዱ መደብ እየጠቆመ "ይህ ለማን?" ይላል፤ እሱ ስም ይጠራል። ስምንቱም መደብ ባለቤት አገኘ። ሕዝቅኤል ግን ወረቀቱን አላጠፈውም።

"እዚህ ታች አንድ ስም ቀረ። ወይኖ ይላል።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

"ተሳስቼ ነው" አልሁ ቶሎ ብዬ። "ነገርኋችሁ እኮ፤ ዛሬ ተምታቶብኛል።"

መጋቤ በሬ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ። በእጃቸው ያቺ አውራ ጣት የምታህል ጉበት ነበረች።

"ጸሐፊያችን ተሳስተው አያውቁም" አሉ። "የተጻፈውን ጥራና እለፍ።"