ስማቸው እንዳይገለጽ የተወሰነላቸው አምስት ሹራብ ለጋሾች

ቀን፦ እሑድ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ የካ አባዶ፣ በሩ አልዘጋ ያለው የብሎካችን ኮሚናል (የጋራ መጠቀሚያ ቤት)
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡50 ተጀመረ

የተገኙ
1. አቶ በዳዳ ኤጀታ፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ጥሩብርሃን፣ ዕቃ ያዥ
3. አቶ ዋቅቶላ፣ ቁጥጥር
4. ወ/ት ፌበን፣ የወጣቶች ተወካይ
5. ዮዳሄ ሰኚ፣ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተጋበዙ፦ ወ/ሮ ጂቱ፣ ሹራብ ሠሪ (ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደሚደርሱ አሳውቀዋል)
ያልተገኙ፦ አቶ ዳንኤል። መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነው በስልክ «ደርሻለሁ» ስላሉ እንደቀሩ ተቆጥሯል።

ከስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ክር ስለማሰባሰብ

ሰብሳቢው እንደገለጹት ወ/ሮ ጂቱ በየገናው በእጃቸው ሹራብ እየሠሩ ስጦታ ይሰጣሉ። አምና ለዚህ የነዋሪዎች ኮሚቴ አባላት በሙሉ ሠርተዋል። ዘንድሮ ለግቢው አራት ጥበቃዎች ሊሠሩ አስበው ክር አጥተዋል። ከእንጦጦ በኩል የሚነፍሰው ብርድ ጥበቃዎቹን እየጨረሳቸው ነው፤ ለበዓሉም 24 ቀን ብቻ ቀርቷል። በመሆኑም እያንዳንዱ አባል የማይለብሰውን ሹራብ እንዲያመጣና ሹራቡ ተተርትሮ ክሩ እንዲሰጣቸው በተነገረው መሠረት ሁሉም በጥቁር ፌስታል ይዞ ቀርቧል።

አቶ ዋቅቶላ ማን ምን እንዳመጣ ይመዝገብ ሲሉ ጠየቁ። ሌሎቹ አባላት ለክር በማይመጥን ቁጣ ተቃወሙ። ከረጅም ውይይት በኋላ የለጋሾች ስም እንዳይገለጽና ፌስታሎቹ አንድ ጆንያ ውስጥ እንዲገለበጡ ተወሰነ። ሲገለበጡ አባላቱ ጣሪያውን ይመለከቱ ነበር። ጸሐፊውም ተመልክቷል።

ጆንያው ሲፈተሽ አምስቱም ሹራቦች ወ/ሮ ጂቱ አምና የሰጧቸው ሆነው ተገኙ። አባላቱ እንደገና ጣሪያውን ተመለከቱ።

አጀንዳ 2፦ ስለ መተርተር

ወ/ሮ ጥሩብርሃን ሴትየዋ ሳይደርሱ ሁሉም ይተርተር አሉ። ሥራውን ለማፋጠን አቶ ዋቅቶላና ወ/ት ፌበን ሁለት ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ክር እንዲጠነጠንባቸው ተመደቡ።

አቶ ዋቅቶላ በዚህ ሁኔታ እንዳሉ ሐሳባቸውን ቀይረው መተርተሩ ቆሞ እውነቱ ይነገራቸው ሲሉ አሳሰቡ። ሰብሳቢው ይቀጥል የሚል እጁን ያውጣ አሉ። ድጋፍ ሰባት እጅ፣ ተቃውሞ የለም። አቶ ዋቅቶላ የእኔ እጆች የተቃውሞ ናቸው ቢሉም፣ ክር የያዘ እጅ መውረድ ስለማይችል በድጋፍነት ተመዝግቧል። ወ/ት ፌበን ደግሞ «ፕሮሰሱ ልክ አይደለም» ብለዋል፤ የእሳቸውም ሁለት ሆኖ ተቆጥሯል።

ቀጥሎም የበር ጥበቃው ኤቢሳ ወ/ሮ ጂቱን በወሬ ያቆያቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ በሰባት እጅ ጸደቀ። ኤቢሳ ግን ብርዱ አላስቀምጥ ብሎት ወደ ኮሚናሉ ገብቶ ስለነበር ውሳኔው አልተፈጸመም። ወ/ሮ ጂቱ ከእሱ ኋላ ገቡ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

በዚህ ጊዜ የቀረው ያልተተረተረ አንድ ቡናማ እጅጌ ብቻ ነበር። ወ/ሮ ጂቱ አንስተው ዳበሱት።

«ይሄ የበዳዳ ነው። አንገቱ ጠቦት ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሠርቼለታለሁ።»

ከዚያም የተጠቀለለውን ክር በቀለሙ እየለዩ የቀሩትን የአራቱንም ስም ጠሩ። ሰማያዊው የጸሐፊው ነበር። የለጋሾች ስም አይገለጽም የተባለው በዚሁ ቀረ።

ሰብሳቢው ሹራቡን ለክብር ቀን እንዳስቀመጡት አስረዱ። ወ/ሮ ጥሩብርሃን በአይጥ አመካኙ። አቶ ዋቅቶላ እጃቸው በክር እንደታሰረ እጅጌው ረዝሞባቸው እንደነበር ተናገሩ። ወ/ት ፌበን ብቻ፣ «እትዬ ጂቱ፣ ያምራል። ግን ያሳክካል» አሉ።

ወ/ሮ ጂቱ ወንበር ለምነው ተቀመጡ።

«አምና ብትነግሩኝ ምን ነበረበት? ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ከዘንድሮ ወዲያ መሥራቴን እንጃ። በቀረችኝ ዓይን ለሚለብስ ሰው ልሥራባት።»

ጸሐፊው ይህን ሲመዘግብ ማፈሩ ይመዝገብለት ብሎ መዝግቧል።

ሰብሳቢው እጅግ በመጸጸት ማሰባሰቡ እንዲሰረዝ፣ ሹራቦቹ እንደገና ተሠርተው ለየባለቤቶቻቸው እንዲመለሱና በገና ዕለት ያለ ምንም ማከክ እንዲለበሱ ሐሳብ አቀረቡ። «ማከክ» የሚለው እጅጌ ሰብስቦ መፈተግን ይጨምር እንደሆነ ረጅም ውይይት ተደርጎ፣ ይጨምራል ተብሎ ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ውይይቱ ሲካሄድ ወ/ሮ ጂቱ ኤቢሳን አቁመው ትከሻውን በክር ይለኩ ነበር።

«ያሳክካል አሉ፤ ሰምተሃል?» አሉት።

«የእኔ ይሁን እንጂ ያሳክከኝ፣ እማማ» አለ።

ወ/ሮ ጂቱ ድምፅ ስለሌላቸው ድምፅ ሳይሰጡ ክሩን በሙሉ በጆንያ አድርገው፣ ኤቢሳን አሸክመው ወጡ። ስለሆነም በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ የሚለው የመጨረሻው ውሳኔም ጭምር፣ ተሽሮ ስብሰባው ከቀኑ 11፡15 ላይ ተበትኗል።