ረ እና ዠ ባንድ ትንፋሽ

ሰው በመሬት ይቀናል፣ በበሬ ይቀናል፣ በጎረቤቱ አዝመራ ይቀናል። ይህን ሁሉ የነፍስ አባቶች ለምደውታል፤ ለየቅናቱ የሚሰጡት ቀኖናም አያጡም። እኔ ግን የቀናሁት በድምፅ ነው፣ ያውም በአንዲት የቼክ ፊደል። ለነፍስ አባቴ ከየት ጀምሬ እንደምነግራቸው እስካሁን ጨንቆኛል።

ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ንፋስ መውጫ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ በኳስ ፍቅር የተነሳ ደግሞ ከስልኬ ስፓኒሽ ለምጃለሁ። ስፓኒሽ ሀሁ ለቆጠረ ሰው አታስቸግርም። አናባቢዋ አምስት ብቻ ነው፤ ከሰባቱ ቤት ግዕዙንና ሳድሱን ብትተዉት የቀረው የሷ ነው። ኘ አላት፣ ኸም አላት። ረ ላይ ሲደረስ ምላስን ማንከባለል ነው፤ አገሩም የሚያደንቀኝ በዚሁ ነበር። በየወሩ ሰንበቴ ላይ መሪጌታ፣ "እስቲ ያቺን አሰማን" ይሉኛል። አንከባልላታለሁ። እሳቸውም ጠጋ ብለው ከጎናቸው ያስቀምጡኛል። የድጓ መምህር ናቸውና ጆሯቸውን ደስ ያሰኘውን ሰው ከጎናቸው ማስቀመጥ ልማዳቸው ነው። ያቺ ቦታ የኔ ነበረች።

ሙሉቀን እስኪመጣ ድረስ።

ሙሉቀን አብሮ አደጌ ነው፤ ስለ ገብስ ዘር ሊማር ቼክ አገር ሄዶ ከርሞ ተመለሰ። በመጣ በመጀመሪያው ሰንበቴ መሪጌታ፣ "ጣትን ምን ይሉታል?" ብለው ጠየቁት።

"ፕርስት።"

"አንገትስ?"

"ክርክ።"

"ተኩላስ?"

"ቭልክ።"

መሪጌታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። "ሳድስ በሳድስ! ኧረ እነዚህ ሰዎች በምን ይተነፍሳሉ?"

ይባስ ብሎ ረ እና ዠን ባንድ ትንፋሽ የሚሏት ድምፅ አለቻቸው፤ ምላስ እየተርገበገበ ዠ አብራ ትወጣለች። ሙሉቀን እሷን ሲያሰማ መሪጌታ ጠጋ አሉለት። እኔ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ቀናሁ፤ አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ። ጠላው ሁሉ ጎመዘዘኝ።

ያን ወር ከቤቴ ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር እየቆምኩ ስታገል ከረምኩ። ረ ስል ዠ ትጠፋለች፤ ዠን ስይዝ ረ ታመልጣለች። ባለቤቴ የሺ ሰምታኝ፣ "ጉሮሮህን ነው የያዘህ?" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣችልኝ። ምን ልበላት? ጠጣሁት።

በሚቀጥለው ሰንበቴ ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሣሁና ወንዝን በቼክ ጠራሁ። ስሙ በዚያችው ጉደኛ ድምፅ ይጀምራል። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ስተሃል፤ ከራሱ ጀምር" አሉኝ፣ ለተማሪዎቻቸው እንደሚሉት። ደገምኩት።

"አሁን ሆነ!" አሉና ጠጋ አሉልኝ።

ልቀመጥ ስል ሙሉቀን ከጎናቸው ብድግ ብሎ ሁለት እጄን ያዘኝ። በቼክ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔ የማውቃት ያችኑ አንዲት ቃል ናት። ራሴን ነቀነቅኩ። እንዳልገባኝ ሲያይ ሳቀና ወደ አማርኛ ተመለሰ።

"ከመጣሁ ወዲህ ይቺን ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ ዛሬ ገና ነው" አለኝ። "እዚያ ወንዝ ዳር ያስተማረችኝ ሴት ነበረች። በሳትኩ ቁጥር እየሳቀች አብራኝ ትደግመው ነበር። በል ተቀመጥ፣ ቦታው ያንተ ነው።"

ተቀመጥኩ። መሪጌታ ከጎኔ ሆነው በደስታ ራሳቸውን ይወዘውዛሉ። እኔ ግን ስፓኒሼን አሰብኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ለስልክ ስናገረው ኖሬያለሁ፤ ሳትክ ብሎ የሳቀብኝ፣ አብሮኝ የደገመው አንድ ሰው የለም።

ጠላው ተቀዳልኝ። አሁንም ጎመዘዘኝ።