ሰው ስለመኖሩ የተደረገ ክርክር

የሬዲዮ ጋዜጠኛው ይታገሱ ከምሳ በኋላ ቢሮው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሸለብ አደረገውና ሕልም አየ። ከሰዓት በኋላ «የአየር ንብረቱን ያዛባው ሰው ነው ወይስ አይደለም?» የሚል የቀጥታ ክርክር ሊመራ ነበር።

በሕልሙ ዝናብ ከምድር ወደ ሰማይ ይዘንባል። ዓሦች ጃንጥላ ይዘው አስፋልት ይሻገራሉ። ሐይቁ ጓዙን ጠቅልሎ አውቶቡስ ተራ ተሰልፏል። ይታገሱ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቀው፣ ገና እንዳልወሰነ ነገረው።

ወዲያው ራሱን አዳራሽ ውስጥ አገኘው። ደመናዎች ተሰብስበው ሰው የሚባል ነገር አለ የለም እያሉ ይከራከራሉ። መድረክ መሪዋ ቆቅ ነበረች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ከላይ ሲያጠኑ ኖረው «አለ» ያሉት ደመናዎች ሁሉ አንድ ወንበር ላይ ተደራርበዋል። «የለም» ያለው አንድ ደመና ደግሞ እኩል ወንበር ለብቻው ተሰጥቶት እግሩን ዘርግቷል። ቆቋ ሚዛን መጠበቅ አለብን ትላለች።

በመስኮቱ በኩል ቆላ ውስጥ ገበሬ የሆነው ታላቅ ወንድሙ አጥናፉ ከነማሳው ቆሞ ታየው። በቆሎው ጠውልጓል። ደመናዎቹን ዝናብ ቢለምናቸው፣ መኖርህ ሳይረጋገጥ ለማን እናዘንባለን አሉት።

ይታገሱ ተነሥቶ ሰው መኖሩን፣ ሰማዩን የሞላው ጭስም የሰው መሆኑን ተናገረ። ቆቋ አንገቷን ሰበቀች።

«አንተ ራስህ ሰው አይደለህ? ስለ ሰው ሰው አይመሰክርም።»

ማሳው እየጠበበ፣ አጥናፉም አብሮት እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ ድምፁ ብቻ ቀረ።

«ወንድሜ፣ ክርክሩ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ይታገሱ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት፣ ባልደረባው ብሌን ትከሻውን ነክታ ቀሰቀሰችው።

የተጋበዙት የአየር ንብረት ተመራማሪ ደውለው ነበር። ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ ስልካቸውም እያወሩ ሳለ ተቋርጧል። «ያዛባው ሰው አይደለም» የሚለው ሌላው እንግዳ ግን ደርሶ ስቱዲዮ ተቀምጧል።

«ብቻውን ይናገር?» አለችው።

ተመራማሪው ቀደም ሲል፣ ነገሩ በሳይንቲስቶች ዘንድ ካለቀ ቆይቷል፣ ክርክሩን ትተህ ለአድማጭ እንዳስረዳ ፍቀድልኝ ብለው ለምነውት ነበር። እንዲያ ያለ ዝግጅት አድማጭ አይስብም ብሎ የመለሰላቸው ራሱ ነው። የሚተካ ዝግጅት አልነበረም፤ ሰዓቱም ደርሷል።

«ይናገር» አላት፣ ዓይኖቿን ሳያይ።