ሰባት ቀን ያለ ለቅሶ

ለቅሶ የማያመልጣት ሴት የሌለችበት ሰፈር በኢትዮጵያ ምድር የለም። ካለም ገና ሰው አልሞተበትም ማለት ነው። ይህች ሴት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ መንደሩን ዞሮ ሳይጨርስ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደጅ ወጥታለች። ድንኳኑ ሳይተከል ትደርሳለች፤ ሲነቀልም ካስማውን የምትቆጥረው እሷ ናት። ሟቹን ታውቀው እንደሆነ የሚጠይቃት የለም።

የደብረ ታቦሯ እትዬ ጌጤ የእነዚህ ሴቶች ሁሉ ሊቀ መንበር ነበሩ። ማንም አልመረጣቸውም፤ ተወዳዳሪም ቀርቦባቸው አያውቅም። ልጃቸው ታምራት መሬት ቀያሽ ስለሆነ ያልረገጠው ቀበሌ የለም፤ የትም ሄዶ ስሙን ከነአባቱ ሲናገር ግን፣ "የእትዬ ጌጤ ልጅ ነህ እንዴ? አባታችን የሞተ ጊዜ መጥተውልን ነበር" ይሉታል። የከተማው ባጃጅ ነጂዎች ጠዋት ሲያገኟቸው፣ "ዛሬ ወዴት ነዎት?" ብለው ይጠይቃሉ። ማን እንደሞተ የሚሰሙት ከዚያ ነው።

እትዬ ጌጤ ከቤት ሲወጡ የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነው። "ደረስ ብዬ ልምጣ" ይላሉ። ደረስ ብለው የሚመጡት በሦስተኛው ቀን ነው።

አንድ ጊዜ አንበሳሜ ለሩቅ ዘመድ ለቅሶ ሄደው ከጠዋት ጀምሮ ደረታቸውን ሲደቁ አረፈዱ። ንፍሮው ሲዞር የሟቹን ስም ሰሙ። ስሙ ሌላ ሆነ። የእሳቸው ድንኳን ለካ ከገበያው ማዶ ኖሯል። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት አፍራላቸው፣ "ውይ፣ ተሳስተው ነው የገቡት?" ብትላቸው፣ እንባቸውን ጠርገው፣ "ታዲያ ይኸኛውስ ሞቶ የለም ወይ?" አሉ። እዚያው አልቅሰው ጨረሱና ከሰዓት በኋላ ወደ ትክክለኛው ድንኳን ሄደው እንደ አዲስ ጀመሩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ይፋግ ሰርግ ተጠርተው በሚኒባስ ሲሄዱ መንገድ ዳር ድንኳን ቢያዩ፣ "ወራጅ አለ" ብለው ወረዱ። የሙሽራው እናት እስካሁን እንዳኮረፈች ናት።

ታምራት በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር። መሳቁን የተወው ባለፈው ዓመት ነው፤ እናቱ ከመቃብር ዳር ተዝለፍልፈው ወድቀው በሰው ሸክም ሐኪም ቤት የገቡ ዕለት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ነገር አታለዝብም። "ደም ግፊታቸው እንዲህ ሆኖ፣ ጾማቸውን ፀሐይ ላይ ቆመው ደረት መምታት ካላቆሙ፣ ቀጥሎ የምትሄዱት የሳቸው ለቅሶ ነው" አለችው። ታምራት አባቱን በልጅነቱ ቀብሯል። ያን ቀን ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆሞ ፈራ፣ ከዚያ ወዲህም ፍርሃቱ አልለቀቀውም።

የሚችለውን ሁሉ ሞከረ። የግፊት መለኪያ ገዝቶ ጠዋትና ማታ ይለካቸው ጀመር። ነጠላቸውን ቢደብቅ የጎረቤት ነጠላ ተውሰው ሄዱ። በመጨረሻ ናይሮቢ አግብታ ለምትኖረው እህቱ ለሶስና ደወለ።

"እማዬን አንድም የምታውቀው ሰው የማይሞትበት አገር መውሰድ አለብን" አላት።

"እኔ ጋ ይምጡ" አለች ሶስና። "ለሰባት ቀን። አራዊቱንም ባሕሩንም እናሳያቸዋለን። ያርፋሉ።"

ወሬው ሲሰማ ደብረ ታቦር ደነገጠች። ሰባት ቀን ሙሉ? በመኻሉ ሰው ቢሞትስ? ሁለት ዓመት አልጋ ላይ የተኙት አለቃ መዝገቡ ሳይቀሩ፣ "እስክትመለሽ እጠብቅሻለሁ፣ አይዞሽ" ብለው ሰው ላኩ። እትዬ ጌጤ ግን ልጃቸው ናፈቁኝ ስላለቻቸው እሺ አሉና ከታምራት ጋር ሄዱ።

ናይሮቢ ሁለት ቀን በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ቀን መኪና ከነሾፌሩ ተከራይተው ሦስቱም ወደ ባሕሩ ጉዞ ጀመሩ። መንገዳቸው ላይ ሰፊ የአራዊት ፓርክ አለና ገቡ። እትዬ ጌጤ ቀጭኔ ሲያዩ፣ "ይኼ ደግሞ ማንን ሊያይ ነው እንዲህ የተንጠራራው?" አሉ። አንድ ዝንጀሮ እጁን በመስኮት ሰዶ ከጭናቸው ላይ ድፎ ዳቦ ቆርሶ ሲሮጥ ሶስና ጮኸች፤ እሳቸው፣ "ርቦት ነው፣ ተይው" አሉና መስኮቱን ዘጉ። ታምራት በልቡ እግዜርን አመሰገነ። እናቱ ሲስቁ ካያቸው ቆይቶ ነበር።

ከዚያ ሾፌሩ መኪናውን ቀስ አድርጎ አቆመ። ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብሎ አሥር የሚሆኑ ዝሆኖች ክብ ሠርተው ቆመዋል። መኻላቸው አንዲት ትልቅ ዝሆን በጎኗ ወድቃለች። ተራ በተራ እየቀረቡ ፊቷን በኩምቢያቸው ይዳስሷታል፤ አንዷ ትንሽ ደግሞ እግሯን ይዛ ልታነሳት ትሞክራለች። በዚህም በዚያም የቆሙ መኪኖች አሉ፤ ሰዉ ሁሉ ስልኩን በመስኮት አውጥቶ ይቀርጻል። ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ።

ሶስና ሳታስብ ተረጎመችው። "ዛሬ ጠዋት ነው የሞተችው ይላል። እነዚህ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ናቸው። እንዲህ ቆመው ቀን ሙሉ ይውላሉ አለ።"

ታምራት አፏን ሊይዛት ፈልጎ ነበር፤ አልደረሰባትም። ዞር ሲል እናቱ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ጨርሰዋል።

"ደረስ ብዬ ልምጣ" አሉ።

የመኪናው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማ። ታምራት ስለዚያች ቅጽበት ከዚያ በኋላ ለማንም በትክክል መናገር አልቻለም። እጁ የበሩን እጀታ ይዟል፣ እጀታው ግን አልከፈት አለው፤ ወይም እጁ ነው አልታዘዝ ያለው። ሾፌሩ መሪው ላይ ተለጥፎ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ፣ "ማንም እንዳይጮህ፣ ማንም እንዳይጮህ" ይላል። እናቱ ደግሞ በደብረ ታቦር አስፋልት ላይ እንደሚሄዱት፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በሣሩ ላይ ይራመዳሉ።

ሃያ እርምጃ ያህል ሄደው ቆሙ። እጅ ነሡ። "እግዜር ያጽናችሁ" ሲሉ መኪናው ውስጥ ሆነው ሰሟቸው። ነፍስ ይማር አላሉም፤ ለእንስሳ እንደማይባል ያውቃሉ።

ከዝሆኖቹ አንዷ ዞረች። ጆሮዋን እንደ ድንኳን ሸራ ዘርግታ፣ ኩምቢዋን አንሥታ፣ ምድሩን እያንቀጠቀጠች ወደ እሳቸው ሮጠች። ሶስና ፊቷን ሸፈነች። ታምራት ዓይኑን መጨፈን እንኳ አቃተው። እትዬ ጌጤ አልሮጡም፤ ለለቅሶ ቤት ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ አያውቁበትም። ዝሆኗ ዐሥር እርምጃ ሲቀራት ቀጥ አለች፤ አቧራው አልፏት ሄዶ እትዬ ጌጤን ሸፈናቸው። ሁለቱ ሲተያዩ ቆዩ። ከዚያ ዝሆኗ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሟቿ ተመለሰች። እትዬ ጌጤም አንድ ጊዜ እንደገና እጅ ነሥተው፣ የኋሊት እየተራመዱ መጥተው መኪናው ውስጥ ገቡ።

ሾፌሩ የተናገረውን ሶስና አልተረጎመችውም። ታምራት ግን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እናቱ ላይ ጮኸ። "ብትሞችስ? ብትገድልሽስ እማዬ?"

"ምን አጠፋሁ?" አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "ርቄ ቆምኩ፣ አጽናንቼ ተመለስኩ። ነውሩስ የናንተ ነው። እናት ሞታ ልጆች ቆመው ሲያለቅሱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ በስልክ ማንሣት የት አገር ያለ ነው?"

"ሰዎች አይደሉም እኮ፣ ዝሆኖች ናቸው።"

"ዝሆን እናት የለውም?"

አመሻሹ ላይ ባሕሩ ዳር ማረፊያቸው ደርሰው ሲለካቸው፣ መለኪያው ላይ የታየው ቁጥር ሶስናን ከቆመችበት አስቀመጣት። ታምራት እናቱ እግር ሥር ቁጭ አለ። "በእመብርሃን ማይልኝ፣ አገራችን እስክንገባ ለቅሶ የሚባል አትደርሽም" አላቸው። አዘኑለት። "በእመብርሃን" አሉ።

በማግሥቱ ባሕሩን አዩ። ዳር የለሹ ውሃ ጨው መሆኑን ቀምሰው ሲያውቁ ተናደዱ። "ይኼን ሁሉ ፈጥሮ ለማን ነው?" አሉ። በሚቀጥለው ማለዳ ሲነሡ ባሕሩ የለም፤ ግማሽ ሰዓት የሚያስሄድ ያህል ሸሽቶ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመዋል። ጮኸው ልጆቻቸውን ቀሰቀሱ። ሶስና ከሰዓት ይመለሳል ብትላቸው አላመኗትም፤ ተመልሶ ጀልባዎቹን ሲያነሣ በዓይናቸው እስኪያዩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ሸርጣን እግራቸው ላይ ሮጠባቸው። ታምራት ይህ ነው ዕረፍት ብሎ አሰበ።

ቁጥሩ ግን አልወረደም። በስድስተኛው ቀን እንዲያውም ጨመረ። ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም ነበር። ከማረፊያው አጠገብ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ጥቁር የለበሱ ሴቶች አሸዋው ላይ ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። አስተናጋጁ ለሶስና እንደነገራት፣ ሁለት ወንድማማቾች ከትናንት ወዲያ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው አልተመለሱም። እትዬ ጌጤ ቁርስ አልነኩም። ወንበራቸውን ወደ ሴቶቹ አዙረው ተቀመጡ። ምሳም ቀረበ፣ ተነሣ።

"ታምራት" አሉ በመጨረሻ፣ "ቃሌን መልስልኝ።"

"አይሆንም እማዬ።"

"ገና ሞቱ አልተባለም። ለቅሶ አይደለም። አብሮ መቀመጥ ብቻ ነው።"

"እማዬ፣ አንቺን ማጣት አልችልም" አለ። እንዲህ ብሎ በግልጽ ነግሯቸው አያውቅም ነበር።

እትዬ ጌጤ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። "አባትህ የሞተ ጊዜ ያቺ የጎረቤታችን የእሸቴ ሚስት ቤቴ አሥር ቀን ተቀመጠች" አሉ። "የተናገረችውን አንዱንም አላስታውስም። ጉልበቷ ጉልበቴን ነክቶት እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። እነዚያ ሴቶች ለብቻቸው ናቸው፣ ልጄ።"

ታምራት ባሕሩን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ እናቱን አየ። እንዲህ የሚል ሰው እሱ ይሆናል ብሎ በሕልሙም አላሰበም። "እሺ፣ ደረስ ብለሽ ነይ" አለ።

ሴቶቹ ማን ናት አላሉም። በዕድሜ የገፋችው፣ የወንድማማቾቹ እናት፣ ፈቀቅ አለችና ቦታ ሰጠቻቸው። እትዬ ጌጤ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን ከጉልበቷ አስጠጉ። የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። ሙሾ አላወረዱም፣ ደረታቸውንም አልመቱም። ፀሐዩ እስኪዘቀዝቅ ድረስ ሁለቱ እናቶች አንድ ባሕር አዩ። ታምራትና ሶስናም መጥተው ከኋላ ቆሙ።

ጨለማ ሳይዝ አንዲት ሴት ተነሥታ ቆመች። ከሩቅ ትልቅ ጀልባ ትንሽ ጀልባ እየጎተተ ይመጣል። ጀልባዎቹ ቀርበው ሁለት ሰዎች ወገባቸው ድረስ ባለ ውሃ ውስጥ ዘለው ወረዱ፤ እየተንገዳገዱ፣ በእግራቸው መጡ። ዳርቻው በእልልታ ተናወጠ። እናትየዋ ከነልብሷ ውሃ ውስጥ ገባች።

እትዬ ጌጤ እንደተቀመጡ ቀሩ። አፋቸው ተከፍቷል።

"መጡ?" አሉ።

"መጡ እማዬ።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

እንደገና፣ "በሕይወት?" ብለው ጠየቁ። ታምራት አዎ ሲላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና፣ በዚያ ሁሉ ድንኳን ውስጥ ሲያለቅሱ አይቷቸው በማያውቀው አለቃቀስ ያለቅሱ ጀመር። እናትየዋ ልጆቿን አቅፋ ስትመለስ አየቻቸውና ደነገጠች። ልጆቿን ትታ መጥታ፣ እርጥብ እንደሆነች፣ እትዬ ጌጤን እቅፍ አደረገቻቸው። ለሶስና አንድ ነገር አለቻት።

"ማን ሞቶባት ነው ትላለች" አለች ሶስና።

"ማንም አልሞተብኝም በያት" አሉ እትዬ ጌጤ። "ዕድሜዬን ሙሉ ከደረስኩበት ለቅሶ፣ አንድም ሰው ተመልሶ መጥቶልኝ አያውቅም ነበር በያት።"

ሶስና ተረጎመችላት። እናትየዋ እቅፏን አጠበቀች። ታምራት አጠገባቸው አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ይበቃሻል ሊላቸው አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ዓመት ሙሉ ይዞት የኖረው የራሱ ልቅሶ ነው።